አንድ ድምፅ ሲጠፋ፦ የሃርሞኒካን ምላሶች በቤት ውስጥ ማስተካከልና መልሶ መግጠም



በዚህ የዓመት መጽሔት ለእጅ ሥራ ትምህርት በተመደበው ገጽ ዘንድሮ ያቀረብነው ስለ ሃርሞኒካ ነው። ሃርሞኒካ ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ መብራትም ሆነ ባትሪ የማይፈልግ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። በብዙ ቤት አንድ አይጠፋም፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ነው። ለምን እንደማይነፋ ስንጠይቅ የምንሰማው መልስ ተመሳሳይ ነው፦ «አንዱ ቀዳዳ እምቢ ብሎ ነው።»

የአንድ ቀዳዳ እምቢታ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኛ ዜማ ግን ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ ዋና ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ትዝታ ሜጀርን ብንወስድ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ናቸው። በዶ በተቃኘ ባለ 10 ቀዳዳ ሃርሞኒካ ላይ እነዚህ አምስቱም መሃል ላይ ተሰልፈው ይገኛሉ፦ 4ኛውን ቀዳዳ ስንነፋ ዶ፣ ስንስብ ሬ፤ 5ኛውን ስንነፋ ሚ፤ 6ኛውን ስንነፋ ሶል፣ ስንስብ ላ። 7ኛውን ስንነፋ ላይኛው ዶ ይመጣል። እንግዲህ 4ኛው ቀዳዳ ሲሳብ ዝም ቢል ሬ የለም ማለት ነው። ከአምስት ድምፅ አንዱ ሲጎድል ትዝታ ትዝታ መሆኑ ይቀራል። መሣሪያው በሙሉ ደህና ሆኖ ሳለ በአንዲት ቀጭን የናስ ቁራጭ ምክንያት ይጣላል።

ያቺ ቁራጭ ብዙ ጊዜ አልተሰበረችም። ወይ ቆሻሻ ይዟታል፣ ወይ ከቦታዋ ትንሽ ዘንበል ብላለች፣ ወይ ክፍተቷ ተዛብቷል። እነዚህን ሁሉ በቤት ውስጥ ማስተካከል ይቻላል። በዚህ ትምህርት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምንከተለው ሕግ አንድ ነው፦ መመለስ የሚቻለውን ሥራ አስቀድሙ፤ መመለስ የማይቻለውን መጨረሻ አድርጉ። የጠረግነው ቆሻሻ ጉዳት የለውም፤ የገፋነውን ምላስ መልሰን መግፋት እንችላለን። በሞረድ የተፋቀ ናስ ግን የፈሰሰ ውኃ ነው፤ አይታፈስም።

ሀ. ሃርሞኒካ ከምን ከምን ተሠራ?

ሃርሞኒካን ስንከፍት አምስት ንብርብር እናገኛለን። ከላይና ከታች ሁለት ክዳኖች አሉ። ከክዳኖቹ ሥር ሁለት የናስ ሰሌዳዎች አሉ። በመሃል ደግሞ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ፣ በአሥር ትናንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ አካል አለ። ክፍሎቹ የንብ ቤት ስለሚመስሉ በዚህ ጽሑፍ «ቀፎ» ብለን እንጠራዋለን።

በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አሥር ጠባብ ስንጥቆች አሉ። በእያንዳንዱ ስንጥቅ ላይ አንድ ቀጭን የናስ ቁራጭ ተጋድማለች። አንድ ጫፏ በሰሌዳው ላይ በሪቬት ተመትቷል፤ ሌላው ጫፏ ነፃ ነው። ይህችን ቁራጭ «ምላስ» እንላታለን። በድምሩ 20 ምላሶች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት፣ አንዱ ሲነፋ የሚሠራ፣ ሌላው ሲሳብ የሚሠራ። የላይኛው ሰሌዳ ምላሶች ወደ ቀፎው ውስጥ ያያሉ፤ ሲነፋ የሚጮኹት እነሱ ናቸው። የታችኛው ሰሌዳ ምላሶች ወደ ውጭ፣ ወደ ክዳኑ ያያሉ፤ ሲሳብ የሚጮኹት እነዚህ ናቸው። ስለዚህ ክዳኖቹን ብቻ ብንከፍት የሚሳቡትን ምላሶች ወዲያው እናያቸዋለን፤ የሚነፉትን ለማየት ግን ሰሌዳውን ማውጣት ያስፈልጋል።

በዶ የተቃኘ ሃርሞኒካ ከ1ኛው እስከ 10ኛው ቀዳዳ የሚሰጠው ድምፅ ይህ ነው፦

ሲነፋ፦ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ዶ
ሲሳብ፦ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ፣ ላ

ይህን ሠንጠረዥ በደብተራችሁ ገልብጡ፤ በኋላ ለምርመራ ያስፈልጋችኋል።

የዚህ ዓይነት ምላስ በስንጥቁ ውስጥ ግራና ቀኙን ሳይነካ ወዲህና ወዲያ ስለሚያልፍ «ነፃ ምላስ» ይባላል። ሼንግ የተባለው የቻይናውያን ጥንታዊ መሣሪያ በዚሁ ዘዴ ይሠራል። በጀርመን አገር በትሮሲንገን ከተማ ማቲያስ ሆነር በ1857 እ.ኤ.አ. ሃርሞኒካ መሥራት ጀመረ፤ ስሙ እስከ ዛሬ በብዙ ሃርሞኒካዎች ክዳን ላይ ይነበባል። አኮርዲዮንም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአኮርዲዮን አልበም የሰማነው ድምፅ ከእንዲህ ያሉ ነፃ ምላሶች የወጣ ነው።

ለ. ምላስ እንዴት ይጮኻል?

ለዚህ ማስመሪያ ይበቃል። ማስመሪያውን ግማሹን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ በእጃችሁ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ወደ ውጭ የወጣውን ጫፍ መታ አድርጉ። ይርገበገባል። አሁን የወጣውን ክፍል አሳጥሩና መልሳችሁ ምቱ፤ መርገብገቡ ይፈጥናል። ቀጥሎም ርዝመቱን ሳትለውጡ ጫፉ ላይ የታኘከ ማስቲካ ለጥፉና ምቱ፤ መርገብገቡ ይዘገያል። ጫፉ ሲከብድ ይዘገያል፤ ጫፉ ሲቀልል ይፈጥናል። ፈጣን መርገብገብ ቀጭን ድምፅ፣ ዘገምተኛ መርገብገብ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል።

የሃርሞኒካ ምላስም እንዲሁ ነው። ከነፃው ጫፍ ላይ ጥቂት ናስ ቢፋቅ ጫፉ ይቀልላል፣ ድምፁ ይወጣል። ከሪቬቱ አጠገብ ቢፋቅ ደግሞ የምላሱ ጉልበት ይቀንሳል፣ ድምፁ ይወርዳል። ይህችን አረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙ፦ ከጫፍ ሲፋቅ ይወጣል፣ ከሥር ሲፋቅ ይወርዳል።

አንድ ነገር እንጨምር። ምላስ ሥራ ላይ ሳትሆን በስንጥቁ ላይ ልጥፍ ብላ አትተኛም፤ ጫፏ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ይቆማል። አየሩ በዚያች ክፍተት ሲያልፍ ምላሷን ወደ ስንጥቁ ይጎትታታል፤ እሷም በራሷ ጉልበት ትመለሳለች፤ እንደገና ትጎተታለች። ድምፅ የምንለው ይህ መመላለስ ነው። ክፍተቷ ከጠበበች፣ በርታ ብለን ስንነፋ ምላሷ ስንጥቁን ዘግታ ዝም ትላለች። ክፍተቷ ከሰፋች ደግሞ አየሩ ዝም ብሎ ያመልጣል፤ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል፣ ትንፋሽም ይጨርሳል።

ሐ. የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

በብሎኑ ልክ የሆነ ትንሽ ካቻቪቴ፤ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ፤ ያረጀ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፤ ስቴኪኒ፤ ወረንጦ፤ ለብሎኖቹ ማስቀመጫ ሁለት የጠርሙስ ቆርኪ፤ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ወይም ትንሽ ሞረድ፤ ከደብተር የተቀደደ ንጹሕ ወረቀት፤ በስልክ ላይ የሚጫን የመቃኛ መተግበሪያ። ደብተርና እርሳስም አትርሱ።

መ. የሥራው ቅደም ተከተል

1ኛ. ሳይከፈት መመርመር። መጀመሪያ ሃርሞኒካውን በእጃችሁ ይዛችሁ አሙቁት፤ ቀዳዳዎቹን ወደ ታች አድርጋችሁ መዳፋችሁ ላይ ቀስ እያላችሁ ጠብ ጠብ አድርጉት። የደረቀ ምራቅ ወይም የኪስ ብናኝ ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ይወጣል። ካልወጣ እያንዳንዱን ቀዳዳ ለየብቻው በቀስታ ንፉ፣ ሳቡ። ከሠንጠረዡ ጋር እያስተያያችሁ ሦስት ነገር መዝግቡ፦ የስንተኛው ቀዳዳ ነው? ሲነፋ ነው ወይስ ሲሳብ? ሕመሙስ ምንድን ነው? ዝም ይላል፣ ይነዝራል፣ ትንፋሽ ይፈጃል ወይስ ከቅኝቱ ወጥቷል? ሐኪም ሳይጠይቅ መድኃኒት አይሰጥም።

2ኛ. መክፈት። ጠረጴዛው ላይ ነጩን ጨርቅ አንጥፉ። የክዳኖቹን ብሎኖች ፈትታችሁ በአንዱ ቆርኪ፣ የሰሌዳዎቹን ብሎኖች በሌላው አስቀምጡ። የላይኛውን ሰሌዳ «ላይ»፣ የታችኛውን «ታች» ብላችሁ ጠርዛቸው ላይ በቀጭን እስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ከመክፈታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ ብታነሡ ሲገጠም ይረዳችኋል። አንዳንድ ሃርሞኒካዎች በብሎን ፈንታ በትናንሽ ምስማሮች የተመቱ ናቸው፤ ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው የሆነር ማሪን ባንድ አንዱ ነው። እንዲህ ያለው ሲከፈት የእንጨቱ ቀፎ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ጀማሪ ባይነካው ይሻላል።

3ኛ. ማጽዳት። ብሩሹን ከሪቬቱ ወደ ነፃው ጫፍ ብቻ ጥረጉ። በተቃራኒው ከጠረጋችሁ የብሩሹ ፀጉር በምላሱ ሥር ገብቶ ያጣምመዋል። በስንጥቁ ጠርዝ ላይ ፀጉር ወይም ክር ከታየ በወረንጦ አውጡ። የእንጨት ቀፎ ውኃ ውስጥ አይገባም፤ ያብጣል፣ ይጣመማል። የፕላስቲክ ቀፎ ግን ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ ይመለሳል። እዚህ ላይ ሥራውን አቁሙና ሃርሞኒካውን ገጥማችሁ ሞክሩ። ድምፁ ከተመለሰ ትምህርቱ ለዛሬ አበቃ።

4ኛ. የብርሃን ፈተና። ድምፁ የሚነዝር ከሆነ ሰሌዳውን ወደ መስኮት አቅንታችሁ በስንጥቁ በኩል ተመልከቱ። በምላሱ ግራና ቀኝ እኩል የሆኑ ሁለት ቀጫጭን የብርሃን መስመሮች መታየት አለባቸው። በአንዱ በኩል ብርሃን ከሌለ ምላሱ ወደዚያ አዘንብሎ ጠርዙን ይነካል ማለት ነው። በሪቬቱ አጠገብ የምላሱን ጎን በካቻቪቴ ጫፍ በትንሹ ወደ መሃል ገፋ አድርጉ፤ እንደገና ተመልከቱ። የሚፈለገው እንቅስቃሴ ከፀጉር ስፋት ብዙ አይበልጥም።

5ኛ. ክፍተቱን ማስተካከል። ሰሌዳውን በዓይናችሁ ትክክል አግድም ያዙና የምላሶቹን ጫፎች ተራ በተራ እዩ። የወፍራም ድምፅ ምላሶች ረጃጅም ስለሆኑ ክፍተታቸው ሰፋ ይላል፤ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ስንሄድ እየጠበበ ይመጣል። የታመመውን ከግራና ከቀኝ ጎረቤቶቹ ጋር አስተያዩት። ለመነሻ ያህል የጫፉ ክፍተት ከምላሱ ጫፍ ውፍረት ጋር ተቀራራቢ ይሁን። ክፍተቱ ከሰፋ ምላሱን በስቴኪኒ ወደ ስንጥቁ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። ከጠበበ ቀጭን ወረቀት በሥሩ አሳልፋችሁ በቀስታ ከፍ አድርጉት። ምላስ ተጭኖ ሲለቀቅ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ የሚፈለገውን ቦታ ጥቂት አለፍ ማድረግ ይኖርባችኋል፤ ግን አታጥፉት። የታጠፈ ናስ ጠባሳው አይለቀውም።

6ኛ. መቃኘት። እዚህ የምንደርሰው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ድምፁ አሁንም ከቅኝቱ ወጥቶ ከቀረ ብቻ ነው። መቃኛው የሚለውን ብቻ አትከተሉ። የላ ድምፅ መለኪያ በሴኮንድ 440 መርገብገብ ቢሆንም ብዙ ፋብሪካዎች ሃርሞኒካን ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርገው ይቃኛሉ፤ አንዳንዶቹም ሦስት ቀዳዳ አብሮ ሲነፋ እንዲጣፍጥ ሚን ሆን ብለው ዝቅ ያደርጋሉ። ስለዚህ ምስክር አድርጋችሁ ጥሩት ያንኑ ድምፅ በሌላ ቀዳዳ ላይ ነው። የ4ኛው ሬ ከታመመ የ1ኛው ሬ ምስክር ይሆናል። 2ኛውንና 3ኛውን ቀዳዳ በምላሳችሁ ሸፍናችሁ 1ኛውንና 4ኛውን አንድ ላይ ሳቡ። ሁለቱ ከተስማሙ ድምፁ እንደ አንድ ክር ቀጥ ይላል። ካልተስማሙ ጎላ፣ ቀነስ፣ ጎላ፣ ቀነስ እያለ ይዋዥቃል። ይህ መዋዠቅ የልዩነቱ መጠን ነው፤ ለምሳሌ አንዱ ድምፅ በሴኮንድ 440፣ ሌላው 438 ጊዜ ቢርገበገብ በሴኮንድ 2 ጊዜ ይዋዥቃል። የክራር ደርዳሪ አውታሩን እያጠበቀና እያላላ በጆሮው የሚያዳምጠው ይህንኑ ነው።

መፋቅ ግድ ከሆነ ወረቀቱን አጣጥፋችሁ በምላሱ ሥር አስገቡ፤ ድጋፍ ይሆነዋል። ድምፁ ወርዶ ከሆነ ከነፃው ጫፍ፣ ወጥቶ ከሆነ ከሪቬቱ አጠገብ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ፋቁ። የተፋቀውን ብናኝ ጥረጉ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ገጥማችሁ በለሰስታ ሞክሩ። ናስ ሲሞቅ ድምፁ በጥቂቱ ስለሚወርድ በጣት ከተነካካ በኋላ ወዲያው የተለካ ልክ አይሆንም። ይህ ሥራ አሥር ጊዜ መክፈትና መዝጋት ሊጠይቅ ይችላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሳይወድቅና ሳይነካ በድንገት ብዙ የወረደ፣ ተቃኝቶም በማግሥቱ መልሶ የሚወርድ ምላስ ከሪቬቱ አጠገብ መሰንጠቅ ጀምሯል። እሱን መፋቅ ድካም ነው። መፍትሔው ሰሌዳውን መቀየር ብቻ ነው።

ሠ. መልሶ መግጠም

ብዙ ጥገና የሚበላሸው እዚህ ነው። ሥራው አለቀ ብለን ስለምንቸኩል ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በቀፎው ፊት ላይ ብናኝ አለመኖሩን በጨርቁ አረጋግጡ፤ በሰሌዳውና በቀፎው መካከል አንዲት ፍርፋሪ ብትገባ አየሩ በዚያ በኩል ያመልጣል። የላይኛውን ሰሌዳ ምላሶቹን ወደ ቀፎው ውስጥ፣ የታችኛውን ምላሶቹን ወደ ውጭ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ረጃጅሞቹ ምላሶች ከቀፎው ረጃጅም ክፍሎች ጋር ይገጥማሉ። ብሎኖቹን በሙሉ በመጀመሪያ ላላ አድርጋችሁ አስገቡ፤ ቀጥሎ ከመሃሉ ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ እያፈራረቃችሁ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ። ከአንድ ዳር ጀምሮ የጠበቀ ሰሌዳ መሃሉ ላይ ይነሣል። የፕላስቲክ ቀፎ ጥርሱ በቀላሉ ስለሚበላ ብሎኑ እንደያዘ አቁሙ። ክዳኖቹን ከመመለሳችሁ በፊት 20ዎቹንም ድምፆች አንድ በአንድ ሞክሩ። ደህና የነበረ ድምፅ ከጠፋ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ብናኝ ነው ወይም ያልጠበቀ ብሎን ነው።

ረ. ጥንቃቄና አያያዝ

ሃርሞኒካ አፍ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው። ከሥራው በፊትና በኋላ እጃችሁን ታጠቡ። የተፋቀ የናስ ብናኝ በአፍ መግባት ስለሌለበት ከመንፋታችሁ በፊት ሁሉንም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። የአንዱን ሃርሞኒካ ሌላው አይንፋ። የታችኛው ክፍል ተማሪዎች ሞረዱንና ካቻቪቴውን የሚይዙት ወላጅ አጠገባቸው ሲቀመጥ ብቻ ነው።

በምንኖርባት በጅቡቲ የባሕሩ እርጥበትና ጨው ለናስ ጠላት ነው፤ ላዩ አረንጓዴ ያወጣል። ከተነፋ በኋላ ምራቁን አራግፉ፤ ለጥቂት ጊዜ በአየር ላይ አድርቁት፤ ከዚያ በኋላ በሳጥኑ ክተቱት። ምግብ ከበላችሁ አፋችሁን ሳትጉመጠመጡ አትንፉ፤ ስኳርና ፍርፋሪ ምላሱን ያጣብቁታል። ይህን ያደረገ ሰው ካቻቪቴ የሚያነሣው ከስንት አንዴ ነው።

ሰ. ለወላጆች

ልጃችሁ አሮጌ ሃርሞኒካ ፈታትቶ ጠረጴዛ ላይ ቢዘረጋ ቶሎ አትቆጡ። ጠጋ ብላችሁ «ምን መረመርክ? ምን መዘገብሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። በደብተሩ ላይ የቀዳዳው ቁጥርና የሕመሙ ዓይነት ተጽፎ ካገኛችሁ ልጁ እየተማረ ነው። አዲስ መግዛት ለሁሉም ቤት ቀላል አይደለም፤ ያለውን ጠግኖ መጠቀም ግን በትዕግሥት የሚገኝ ዕውቀት ነው። ትዝታን ከእናትና ከአባት ሰምቶ በራሱ ትንፋሽ ሊመልሰው የሚሻ ልጅ ሬ ስለጠፋበት ብቻ ዝም ማለት የለበትም።

የክለሳ ጥያቄዎች

1. በዶ በተቃኘ ሃርሞኒካ ላይ 2ኛው ቀዳዳ ሲሳብ የሚሰጠው ድምፅ በስንተኛው ቀዳዳ ሲነፋ በዚያው ከፍታ ይገኛል? ይህ ለምርመራ እንዴት ይጠቅመናል?
2. ትዝታ ሜጀርን ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀዳዳ ስትጫወቱ የማትነኳቸው ሁለት ድምፆች የትኞቹ ናቸው?
3. አንድ ምላስ በቀስታ ሲነፋ ይጮኻል፣ በኃይል ሲነፋ ግን ዝም ይላል። ክፍተቱ ጠቧል ወይስ ሰፍቷል? ምክንያቱን አስረዱ።
4. የ6ኛው ቀዳዳ ላ ከ10ኛው ላ ጋር አንድ ላይ ሲሳብ ይዋዥቃል፤ 6ኛው ወርዶ መገኘቱም ታውቋል። ከመፋቃችሁ በፊት የምትፈትሿቸውን ነገሮች በቅደም ተከተል ጻፉ፤ በመጨረሻም ከየት በኩል እንደምትፍቁ ግለጹ።
5. የማስመሪያውን ሙከራ በቤታችሁ ሠርታችሁ ያያችሁትን በአምስት መስመር ጻፉ።